የሳምንት አራት መሪ

የያዙኝ ካራ ሰፈር፣ ታክሲ ተራው አጠገብ፣ በጠዋት ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ስጽፍ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ መጥተው ቆሙ። አንደኛው ደብተሩን ከእጄ ወሰደና ጥቂት ገጽ ገለበጠ።

«ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ተቀምጠህ ምንድን ነው የምትጽፈው?»

«አሳይመንት ነው» አልኩት።

ዛሬ ሳስበው፣ እውነት ሆኖ እንደዚያ ውሸት የሚመስል መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

የሦስተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ነበርኩ። ከተለያየ ትምህርት ክፍል የመጣን ተማሪዎች አብረን የምንወስደው የአመራር ኮርስ ነበረን። በቡድኔ ውስጥ ከእኔ ሌላ አንድ የኢንጂነሪንግ፣ አንድ የባዮሎጂና አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ነበሩ። መምህራችን «ማንም ያልሾመውን መሪ ፈልጋችሁ ተመልከቱ» አሉን። ኢንጂነሩ ግንበኞችን መረጠ፣ ባዮሎጂው ንቦችን፣ እሷ የጤና ጣቢያ ተረኞችን። እኔ ደግሞ የታክሲ ተራ አስከባሪውን። ሰውየው እጁን ሲያነሳ ያ ሁሉ ሕዝብ ይሰለፋል፤ ፖሊስ ሲመጣ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይህ ደስ ስላለኝ ፖሊሶቹ በስንት ሰዓት እንደሚመጡና በስንት ሰዓት እንደሚሄዱ አንድ በአንድ መዘገብኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አንድ ሕግም ነበረን። መሪነቱ በየሳምንቱ ይዞራል፣ የሁላችንም ማስታወሻ የሚጻፍበት ደብተር አንድ ነው፣ ደብተሩን የያዘ እሱ መሪ ነው። ሳምንት ሦስት የእኔ ነበር። ሳምንት አራት የነርሲንጓ ልጅ። ርክክቡ በተያዝኩበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል የካ ውስጥ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ጓሮ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ ላብ፣ እርጥብ ጫማ፣ ፌስታል ውስጥ ያደረ ሽሮ። በሩ ሥር የሽንት ጀሪካን፣ ከላይ አንዲት ጠባብ መስኮት። በመስኮቷ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫፍ ጫፉ ይታያል፤ ጠዋት ጠዋት ነፋስ ሲነሳ ሽታው ይገባል ይባላል፣ መስኮቱ ሥር ለተኛ ሰው። አዲስ ገቢ ጀሪካኑ አጠገብ ይተኛል። ሰው በተፈታ ቁጥር በገባበት ቅደም ተከተል አንድ አንድ እያለ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። ይህን የሚያስከብረው ካቦው፣ የክፍላችን አለቃ ነበር።

ካቦው ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ሹፌር ነበርኩ ይላል። ለምን እንደታሰረ ሦስት ሰዎችን ጠይቄ ሦስት ዓይነት ነገር ነገሩኝ። እኔን ደግሞ ሌሎቹ አላመኑኝም። «ይሄ ልጅ ዓይኑ አያርፍም፤ ይቆጥረናል» አለ አንዱ። እውነቱን ነው፣ እቆጥር ነበር። ማን ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ማን ሲናገር ማን ዝም እንደሚል አይ ነበር። ኮርሱ ከውስጤ አልወጣም።

ካቦው ብቻ ቀረበኝ። ከስንቁ ዳቦ ገምሶ «ብላ ልጄ» ይለኛል። ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። አራት ነን፣ አንዷ ሴት ናት፣ በየሳምንቱ እንቀያየራለን አልኩት። ከዚያ በላይ የነገርኩት አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ጠራኝ። ደብተሩ ፊቱ ተዘርግቷል።

«መሪያችሁ ማን ነው?»

«በየሳምንቱ እንቀያየራለን።»

«ለምን? እንዳይታወቅ?»

«ሁላችንም እንድንማር ነው።»

ገጽ ገለጠ። «‹ንግሥቲቱ ስትደክም ሠራተኞቹ ራሳቸው ይተኳታል።› ንግሥቲቱ ማን ናት?»

«ንብ ናት።»

«ንብ መሆኗንማ አንብቤያለሁ። ማን ናት ነው የምልህ?»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር፤ ግን የሚለቅመው ሰው ቸኩሎ አይደለም። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ። እዚያ የተራችን ሠንጠረዥ አለ፣ በስም ሳይሆን በትምህርት ክፍል። ጣቱን የመጨረሻው መስመር ላይ አሳረፈ። ሳምንት አራት፣ ነርሲንግ።

«አሁን ሳምንት አራት ላይ ናችሁ። ይቺን ልጅ ነው የምፈልገው። ነገ ስሟን ይዘህ ና፣ ወደ ትምህርትህ ትመለሳለህ።»

ልናገር አስቤ ነበር፤ አልዋሽም። እናቴ የት እንዳለሁ አታውቅም፣ ፈተና ደርሷል፣ ፈርቻለሁ። ልጅቷ ከደቡብ የመጣች፣ እሁድ እሁድ ቸርች የምትዘምር፣ ከቤተሰቧ ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ ናት። ደብተሩ ላይ «ነርሷ» ብዬ ስጽፍ «ገና ተማሪ ነኝ፣ ተማሪ በል» ብላ አሰርዛኛለች። እዚያ ጀሪካን አጠገብ ተቀምጣ ልስላት ሞከርኩና ተውኩት።

ክፍል ስመለስ ካቦው ዳቦ ገምሶ ጠበቀኝ።

«ምን አሉህ?»

«ስም ፈለጉ።»

«ታዲያ ስጣቸዋ። አንዲት የነርስ ተማሪ ምን ያደርጓታል? ጠይቀው ይለቋታል።»

ዳቦው አፌ ውስጥ ቆመ። እኔ ያልኩት «አንዷ ሴት ናት» ብቻ ነው። ነርሲንግ የሚለው ቃል ያለው ደብተሩ ላይና መርማሪው ክፍል ውስጥ ነው። ወይስ እኔው ራሴ ነግሬው ረስቼው ይሆን? የተናገርኩትን ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ደጋግሜ ለቀምኩ። አላገኘሁትም። ዳቦውን ግን ጨረስኩት፣ እርቦኝ ነበር።

በማግስቱ መርማሪው እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

«እሺ፣ ስሟ?»

«የሳምንት አራት መሪ እኔ ነኝ» አልኩት።

«እዚህ ነርሲንግ ይላል።»

«መሪ የሚሆነው ደብተሩን የያዘ ነው። የያዛችሁኝ ሳላስረክባት ነው። ስለዚህ አሁንም እኔ ነኝ።»

ደብተሩ በዚያ ሰዓት እሱ እጅ ነበር። እንደ ሕጋችን ከሆነ መሪያችን ማን እንደሆነ ገባኝና ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ያልኩትን ጻፈ፣ አስፈረመኝ። «ራስህን ጎዳህ» አለ፣ ሳይቆጣ።

ክፍል ስገባ ካቦው ተነስቶ ቆሟል።

«ተማሪውን ወደ መስኮቱ አምጡት። አሞታል፣ አየር ያግኝ።»

አላመመኝም። ሁሉም እኔን አዩ፣ ከዚያ እሱን አዩ። ጀሪካኑ አጠገብ አብሮኝ የሚተኛው ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ካቦው አዝኖልኝ ይሁን፣ የእሱ ሰው መስዬ እንድታይ ፈልጎ ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም። ባሕር ዛፉ ግን አማረኝ። በጣም አማረኝ።

«ጋሼ፣ ይተዉት» አልኩት። «ተራዬ አልደረሰም። ከእኔ በፊት የገቡ አሉ።»

«እኔ ነኝ የፈቀድኩልህ።»

«አውቃለሁ። ተራዬ ሲደርስ እጠጋለሁ።»

ካቦው ተቀመጠ። ከጥግ አንድ ሰው «እኛ ቤት ደግሞ ተራ አስከባሪ መጣ» አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ጀሪካኑ አጠገብ ጋደም ስል፣ ፊቱን ያዞረብኝ ሰውዬ እግሩን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከካቦው ዳቦ አልመጣም።

አንድ ወር ሊሞላኝ ሲል፣ መስኮቱ ጋ ሳልደርስ፣ «ዕቃህን ያዝና ውጣ» አሉኝ። ለምን እንደያዙኝም ለምን እንደለቀቁኝም የነገረኝ የለም። ደብተሩን አልመለሱልኝም።

ግቢ ስመለስ የቡድናችን ሪፖርት በሦስት ስም ገብቷል። የነርሲንጓን ልጅ ላይብረሪው ደረጃ ላይ አገኘኋት። ዙሪያዋን አየችና፣

«ስሜን ጠየቁህ?» አለችኝ።

«ጠየቁኝ።»

«ነገርካቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ታዲያ እንዴት ለቀቁህ?»

እኔ ካቦውን ባየሁበት ዓይን አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ደረጃውን ወረደች። በጣም ከፋኝ። እስር ቤቱ እንኳን እንደዚያ አላስከፋኝም።

አልፈረድኩባትም፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ። እኔም ብሆን ዛሬ ሰው ዳቦ ሲገምስልኝ መጀመሪያ እጁን ነው የማየው። ነርስ ሆና እዚሁ የካ እንደምትሠራ ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ በር ስትወጣ ከታክሲ መስኮት አይቻታለሁ። ወርጄ ላስረዳት አሰብኩ። ምን ብዬ? ታክሲው ሄደ።

አሁን ይህን የምጽፈው የተወሰደብኝን በሚመስል ደብተር ላይ ነው። ጨርሼ ከመጀመሪያው አነበብኩት። ካቦው አለ፣ መርማሪው አለ፣ ንቧም አለች። የእሷን ስም ግን እዚህም አልጻፍኩትም።