ነዳጅ የማትጠጣው መኪናዬ

ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና መግዛቴ ሞጣ ውስጥ ከተሰማ ወዲህ የዘመዱ ሁሉ አፍ አንድ ሆነ፤ «ነዳጅ እንደሁ አትጠጣ!» ነዳጅ ካልጠጣች ጭነትም አይከብዳት! ቢቸና ገበያ የወጣ ሁሉ እህሉን በእኔ መኪና ይልካል።

ባለፈው ገበያ የባለቤቴ አባት ሁለት ኩንታል ጤፍ ገዝተው ከኋላ አስጫኑ።

«አባባ፣ አርጅታለች እኮ፤ አትችለውም» አልኳቸው።

«ከኪስህ ምን ይወጣል? ነዳጅ እንደሁ አትጠጣ!»

አማት ናቸው፤ አሳፍሬያቸው ተነሳሁ።

ከቢቸና ብዙም ሳንርቅ ጉድጓድ ውስጥ ገባንና ከሥር የሆነ ነገር ቋ አለ። የኋላ ጎማዋ ተንጋደደ። ያስጠራሁት መካኒክ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ጎማውን የያዘው ብረት ተቆርጧል። ዝገት ስለበላው ብየዳ አይዘውም። ዕቃው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ዋጋውን ባልነግርህ ይሻላል» አለኝ።

እየተቃጠልኩ እስከ ሞጣ የሚያደርሳት አይሱዙ ተከራየሁ። ጫኝና አውራጆቹ ጤፉን አውርደው መኪናዋን በስንት መከራ አይሱዙው ላይ አወጧት። ይሄኔ አማቴ መሬት ላይ የቀሩትን ኩንታሎች አይተው ጮኹ፦

«ኧረ መልሳችሁ እሷው ውስጥ ክተቱት! ባዶዋን ልትሄድ ነው እንዴ?»