የፕላስቲክ ክርኔና ወጌሻው አባቴ

ጥፋቱ የራሴ ነው። እዚህ ኡጋንዳ፣ ናኪቩቦ ሰፈር አጠገብ፣ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ተፈናጥጬ ሮሌክስ፣ ያው በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል፣ እበላ ነበር። ሞተሩ ጉድጓድ ሊያመልጥ ሲታጠፍ ሮሌክሴን አልለቅም ብዬ በቀኝ ክርኔ አስፋልት ላይ አረፍኩ። የአርባ ዓመት ጎረምሳ! ሐኪም ቤት ክርኔ ተሰባብሯል አሉኝ፤ ተከፍቶ በብሎን ካልታሰረ ደርቆ ይቀራል፣ እጄም አፌ ጋ አይደርስም።

አባቴ ከወሎ ሊጠይቁኝ መጥተው እኔው ቤት ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ወጌሻ ናቸው። "የወጌሻ ልጅ በቢላ? እኔ ሳልሞት!" አሉ። እኔ ኪኩቦ ገበያ ሱቄ ውስጥ ማንም በምላስ አይችለኝም፤ አባቴ ፊት ግን "እሺ አባባ" ብቻ ነው። በሆዴ ፈርቻለሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

ሐኪሟ ወጣት ኡጋንዳዊት ናት። የአባቴን እምቢታ ስነግራት አልተከራከረችም። የተነሳሁትን ሲቲ ስካን ዕቃ ቀርጾ ለሚያትም ማሽን ሰጥታ፣ በማግስቱ የገዛ ክርኔን በፕላስቲክ አሳትማ አመጣችው፤ ልኩም ስብራቱም የኔው፣ ስብርባሪዎቹ በላስቲክ የተያያዙ። "አባትህ በዚህ ይሞክሩት" አለች።

አባቴ ተቀብለው በፎጣ ሸፈኑት። ወጌሻ ከቆዳ በላይ ነው የሚሠራ አሉ፤ ራሳቸውን ማታለል አያውቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያሹ፣ ሲገፉ እስከ ዙሁር ሶላት ቆዩ። ሊጠይቀኝ የመጣው ሁሉ "እስቲ እኔ ልሞክር" ይላል፤ "እጅህን ሰብስብ!" ይሉታል። በመጨረሻ ላባቸውን ጠርገው ፎጣውን ገለጡት።

"አንዷ ስባሪ ውስጥ ገብታ ተገልብጣለች፤ ከውጭ አይደረስባትም። ትክፈተው። ግን መጀመሪያ ይቺን ታንሳ።"

ስተረጉምላት ሐኪሟ ሳቀች። እሷም ሌላ አሳትማ ስትለማመድ ያቺኑ ሳታነሳ ሌሎቹ አልገጥም ብለዋት ነበር። "ታዲያስ!" አሉ አባቴ።

ተከፈትኩ፣ ታሰርኩ። የክርኔ መደገፊያም በዚያው ማሽን የታተመ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ሲበላኝ በእስክርቢቶ አካለሁ፣ ተመስገን! ለሳምንታት አባቴ እያጎረሱኝ፣ በየቀኑ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ እየተለማመድኩ ከረምኩ።

አንድ ቀን ሐኪሟ መደገፊያውን ፈትታ "ቀስ ብለህ እጠፈው" አለችኝ። ግማሽ ላይ ቆመ። ደግሞ ሄደ። ጣቶቼ ከንፈሬን ነኩ። አለቀስኩ፣ ኧረ ምን ይደረግ!

አባቴ ብድግ አሉ። በኛ ዘር ወጌሻነት የሚተላለፈው በምርቃት ነው። እሳቸውን አያቴ መርቀዋቸዋል፤ ከሰባት ልጆቻቸው ግን አንዳችንም ለዚያ አልበቃንም። የሐኪሟን መዳፎች ገልብጠው ያዙ። "የአባቴን እጅ ላንቺ ሰጥቻለሁ፤ የነካሽው ሁሉ ይዳን" አሉና እትፍ፣ እትፍ አሉበት።

ያ አላህ! በድንጋጤ እየተንተባተብኩ ተረጎምኩና ሶፍት ላቀብላት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን መዳፎቿን ጨብጣ፣ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ በወገኖቿ በባጋንዳ ሕዝብ ወግ አባቴ ፊት ተንበረከከች።

"ተነሺ ልጄ፣" አሉ፤ "በር ላይ በሽተኛ ይጠብቅሻል።"