ሳልቀምስ የሠራሁት ወጥ

በማህበራችን ድግስ ወጥ መሥራት ከተከለከልኩ ይኼ ሦስተኛው ድግስ ነው። አሁን ድስት አጥባለሁ። ይህን የምጽፈው ማማሰያው ይመለስልኝ ብዬ አይደለም። ድስት ማጠብም አገልግሎት ነው፤ እንዲያውም ማንም የማይሻማበት እሱ ነው። የምጽፈው ነገሩ ከአፍ አፍ ሲዞር መልኩን ስለለወጠ ነው። አንዷ «የእስላም ሥጋ በላች» ትላለች፣ ሌላዋ «ማዕተቧን በጠሰች» ትላለች። አልበላሁም፣ አልበጠስኩምም። ያደረግሁትን እኔው ልናገርና ከዚያ በኋላ የፈለገ ይፍረድ።

ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ ስምንት ዓመቴ ነበር። አምባችን ስም አልወጣለትም፤ ያኔ በተሰጠው ቁጥር እስከ ዛሬ ይጠራል። ከአሶሳ በባጃጅ ብዙም አይርቅም። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ፣ ይኼንንም አልደብቅም። የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ስልኩን ለጎረቤት የምሰጥ ሰው ነኝ። ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ለልጄ ነው። አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ፤ እሷም አስተማሪ ሆና ቡለን ተመደበች። ክልሉ አንድ ነው ይላሉ። አንድ ይሁን እንጂ መንገዱ ዞሮ ዞሮ የሚያልቅ አይደለም።

የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ በግጭት መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም ጠፋ። ቀን በቀን ስደውል «ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ሴትዮ ብቻ አገኛለሁ፤ ድምፅዋን ከልጄ ድምፅ ይልቅ ለመድኩት። ሰው የሰማውን ሁሉ ያወራል። እኔም የተወራውን ሁሉ ቤቴ ይዤ ገብቼ ብቻዬን አላምጠዋለሁ።

በዚያ ሰሞን ነው ከእግዚአብሔር ጋር ውል የገባሁት። ማህበራችን ሐኪም ቤት ተኝተው አስታማሚ ለሌላቸው ሰዎች ምግብ የማድረስ ተራ አለው። በየሳምንቱ ሁለት ሴቶች ነን። እኔ የሁሉንም ተራ ወሰድኩ። «ጉልበትሽን ጨረስሽው» ሲሉኝ «የኔ ጉልበት ለዚሁ ነው» እላለሁ። በሆዴ ያልኩት ግን ሌላ ነው። «ጌታዬ፣ እኔ እዚህ የሰው ልጅ አበላለሁ። አንተም እዚያ የኔን ልጅ የሚያበላ ሰው ላክ።» ይኼው ነበር ውሌ።

እዚያ ያገኘኋት አንዲት እስላም የበርታ ልጅ ነበረች፣ ከሩቅ ገጠር የመጣች። ዕድሜዋ ከልጄ ያንሳል። በኦፕራሲዮን ወልዳ ቁስሏ አመርቅዞባት ተኝታለች። ባሏ አምጥቷት እናቱ ታማበት ወደ መንደሩ ተመልሷል። አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ትጠራለች።

«እናቴ፣ አንተ የማን እናት ነህ?» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

«የአንዲት አስተማሪ።»

«የት አለ?»

«ቡለን።»

አሰብ አደረገችና «ሩቅ ነው» አለች። «የኔ እናትም ሩቅ ነው።»

ከዚያ በኋላ ስገባ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ «ልጅህ ደወለ?» አልደወለችም እላታለሁ። ሽሮዋን፣ ምስሯን፣ ጎመኗን እስከ መጨረሻ ጠርጋ ትበላለች። ወተቷ ይወርዳል፣ ሕፃኑ ይጠባል። የጾም ምግብ ስለሆነ ለእኔም ለእሷም ያው ነበር፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ጾሙ ሁለታችንን አንድ ማዕድ ላይ አስቀመጠን። ፋሲካ ነው የለያየን።

ለፋሲካ ማህበራችን በሬ አርዶ ነበር። እኔም እንደወትሮዬ ወጡን ሠርቼ፣ ያው በምጠቀምበት ምሳ ዕቃ ሞልቼ፣ ነጭ ለብሼ ሄድኩ። ያደግሁት ወሎ ሰው መካከል ነው። እስላም አክስት አለችኝ። ሠርግ ሲደገስ ለእስላሙ ለብቻ፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ ሲታረድ እያየሁ ነው ያደግሁት። ይኼን የማያውቅ ሰው ቢሳሳት ያባት ነው። እኔ ግን እያወቅሁ ረሳሁት። ሐሳቤ ሁሉ ቡለን ነበር፤ ልጄ ዛሬ በምን ትፈስክ ይሆን እያልኩ ነበር።

ልጅቷ ሦስት ጉርሻ ጎርሳ ቆም አለች።

«ይኼ ማን አረደው?»

«የማህበራችን ሰዎች» አልኳት፤ ልክ የሰላምታ መልስ እንደምሰጥ።

አፏ ውስጥ ያለውን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ተፋችው። አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም። ምሳ ዕቃውን በሁለት ጣት ገፋ አደረገችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ሽሮ ይዤ መጣሁ።

«ሽሮ ነው ልጄ። ሥጋ የለበትም።»

ዕቃውን አየችው። «ሥጋ እዚህ ነበር።»

«ታጥቧል።»

አልነካችውም። በሦስተኛው ቀን አዲስ ሳህን ይዤ ሄድኩ። እሱንም ገፋችው። እጄንም የምታየው እንደ ምሳ ዕቃው ነው። በሻይ ብቻ ቆየች። ነርሷ ጠርታኝ «ካልበላች ወተቱ ይደርቃል፣ ቁስሉም አይሽርም» አለችኝ። ወተቱ መድረቅ ጀምሮ ነበር። ሕፃኑ ጡቱን ጎትቶ ጎትቶ ሲተወው የሚያሰማውን ድምፅ ሰምታችሁ እንደሆነ አላውቅም። ለቅሶ አይደለም። ሰው የሚከስ ይመስላል።

ከሐኪም ቤት ቀጥ ብዬ የሄድኩት ቦኖ ላይ ወደማውቃት የበርታ ጎረቤቴ ነው። ገበያ ላይ ማንጎና ባሚያ ትሸጣለች። ውኃ ወረፋ ላይ ስንትና ስንት ዓመት አብረን ቆመናል፣ ስንትና ስንት ጊዜ ተጣልተናል። ነገሩን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወላሂ አንቺ ሴትዮ፣ ክርስቲያን ፋሲካ ሲሆን አእምሮ ይጾማል እንዴ?»

«ተሳሳትኩ አልኩሽ እኮ። አሁን ሠርተሽ ውሰጂላት።»

«እኔ ጧት ገበያ አለኝ። ያበላሸሽው አንቺ፣ የምታስተካክይው አንቺ። ዶሮ የኔ፣ ድስት የኔ፣ እሳት የኔ። ጉልበት ያንቺ።»

ባሏ ዶሮውን ቢስሚላ ብሎ ባረከው። እኔም ማዕተቤን አንገቴ ላይ እንዳሰርኩ እሷ ጓዳ ገብቼ፣ በእሷ ድስት፣ በእሷ ማማሰያ ቁሌቱን ጣልኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለመቶ ሰው ወጥ ስሠራ ጨውን በመዳፌ ጠብ አድርጌ ነው የማውቀው። ያን ቀን መዳፌ ባዶ ነበር። በጭልፋ አነሳሁና ለጎረቤቴ ሰጠኋት።

«ቅመሺልኝ።»

ቀመሰች። «ጨው አነሰው።» ጨመርኩ። ደግማ ቀመሰች። «አሁንም።» ደግሜ ጨመርኩ። ሦስተኛውን ስትቀምስ ጭልፋውን ሙሉ ጠጣችው።

«ወጡን ልትጨርሺው ነው» አልኳት።

«አንቺ ፀጉርሽ ሸብቶ እንደ አዲስ ሙሽራ ጨው ታስቀምሺኛለሽ። ሙሽራ የሠራችበት ቤት ደግሞ መጥገብ አለበት።»

በመጀመሪያው ቀን አብራኝ ሄደች። ለልጅቷ በቋንቋቸው ነገረቻት፤ የገባኝ ዶሮው፣ ድስቱና የባሏ ስም ብቻ ነው። ልጅቷ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ቀመስክ?»

«አልቀመስኩም።»

«ለምን?»

«እኔም እንዳንቺ ነኝ።»

ያን ጊዜ ሳቀች። ቁስሏ አመማትና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ በላች።

እንዲህ ስመላለስ ሰነበትኩ። አንድ ቀን የጎረቤቴን ድስት በጨርቅ ጠቅልዬ ስወጣ ከማህበራችን ሙሴ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። ሙሴ የምንለው የማህበሩን መሪ ነው፤ የኛዋ ሴት ናት፣ እኔን ሸማ አልብሳ የዳረችኝም እሷ ናት። ስለዚህ ስትናገረኝ አንገቴን ደፍቼ ነው የምሰማት። ያን ቀን ግን አልደፋሁም።

«የማን ድስት ነው?»

«የጎረቤቴ።»

«ማዕተብ አስረሽ ቢስሚላ የተባለበትን ታማስያለሽ?»

«አልቀመስኩም እትዬ።»

«እጅሽስ?»

«እጄማ ቁስል አጥቧል፣ ጨርቅ አጥቧል፣ የበሽተኛ ሽንት ደፍቷል። ያኔ ማንም እጅሽስ ብሎ አልጠየቀኝም።»

«ሽንትና ይኼ አንድ ነው?»

«አይደለም። ይኼ ይበላል።»

ባልመልስ ይሻል ነበር። ግን ጌታ ዝቅ ብሎ እግር ያጠበ ዕለት እጄ ይቆሽሻል ብሎ እንዳልሰጋ ከሕፃንነታችን ጀምሮ የሚነገረን ለምንድን ነው? ለጸሎተ ሐሙስ ብቻ ከሆነ ይነገረንና ልወቀው።

በወሩ ማህበር ላይ ነገሩ ተነሳ። «እሷ የሠራችውን አንበላም» ያሉ ሴቶች ነበሩ፤ እነዚያው ሴቶች የኔን ወጥ ድስቱ እስኪደርቅ በእንጀራ ሲጠርጉ የኖሩ ናቸው። የነፍስ አባቴ ለብቻዬ አስቀርተው አነጋገሩኝ።

«የተከለከለው መብላቱ ነው እንጂ መሸከሙ አይደለም» አሉኝ። «ስለ ማህበሩ ሰላም ግን ማማሰያውን ለጊዜው ተዪው ልጄ።»

«እሺ አባቴ። ድስቱን ግን አጥባለሁ።»

«ይሁን። ግን ይኼን ሁሉ መከራ ለምን አነሳሽው?»

ስለ ውሌ ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር እኮ ነጋዴ አይደለም» አሉኝ።

«እኔ ደግሞ እናት ነኝ አባቴ» አልኳቸው። እጃቸው ላይ ያለውን መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ። ማማሰያውን መተው ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም። ለድግስ ሲጠራኝ የነበረው ሰው ሁሉ ስሜን በዚያ ማማሰያ ነው የሚያውቀው። ሌላ ዕውቀት የለኝም።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ከቀትር በኋላ ነው፣ ልብስ አስጥቼ ስገባ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነበር፣ ቢሆንም ያን ቀን ለማንም አልሰጠሁም። ልጄ ናት። ደህና ነኝ አለችኝ። አለቀስኩ፣ አለቀሰች። ከዚያ እንደ ሞኝ ጠየቅኋት።

«ምግብስ ማን አመጣልሽ?»

«ማንም።»

«ምንም ሰው አልመጣም?»

«እማዬ፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የተቀመጠው። አሥራ አንድ ቀን ቆሎና ውኃ ነበር ያለኝ። ፋሲካንም በቆሎዬ ፈሰክሁ። ማንም በሬን አላንኳኳም።»

ስልኩን ስዘጋ ደስታዬን አላገኘሁትም። ልጄ በሕይወት አለች፣ እኔ ግን ተናድጃለሁ። ግድግዳዬ ላይ ላለው ሥዕል ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። እኔ ዕለት ዕለት ተመላልሼ፣ ስሜን አጥቼ፣ እዚያ አንዲት ሴት እንኳ አንድ ጭልፋ ሽሮ ይዛ መነሳት አቃታት? እሷን መቀስቀስ አንተን ያቅትሃል? እንዲህ ብዬ አፍ አውጥቼ ተናገርኩ። ኃጢአት ከሆነም ተናዝዤበታለሁ።

በማግስቱ አልሄድኩም። ቀትር ሲሆን ጎረቤቴ ደጄ ላይ ቆመች።

«ዶሮው ታርዷል እኮ። የታረደ ዶሮ ኩርፊያሽ እስኪወጣልሽ ይጠብቃል እንዴ?»

እያጉተመተምኩ ተነሳሁ። ቁሌቱን ሳማስልም አጉተመተምኩ። ባጃጅ ውስጥም ድስቱን ጭኔ ላይ አቅፌ አጉተመተምኩ። ስደርስ ልጅቷ በሩን እያየች ነበር።

«ዘገየህ» አለችኝ። «ልጅህ ደወለ?»

«ደወለች።»

«ሰላም ነው?»

«ሰላም ናት።»

«በላ?»

«አልበላችም። ማንም አላመጣላትም።»

ድስቱን ሳትከፍተው ወደ ጎን አደረገችው። ከዚያ ከትራሷ ሥር ማንጎ አወጣች፤ ባሏ ጧት ከመንደር መጥቶ ያመጣላት ነው። በጥርሷ ልጣጩን ቀደደችና ዘረጋችልኝ።

«አንተም አልበላህ» አለች። «ማንጎ ማንም አላረደው። ብላ።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ በላሁ። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። እሷ ዶሮዋን ትበላለች፣ ሕፃኑ ጡቷ ላይ ነው። ውሌ ፈርሷል፣ መፍረሱንም አውቄዋለሁ። በምላሹ የምጠብቀው ነገር አልነበረኝም። ስመለስ ግን ድስቱ ጭኔ ላይ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።

በሳምንቱ ልጅቷ ድና ወጣች። ልጄ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከስታ መጣች። የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ለሌሎቹ በሽተኞች ምሳ ዕቃውን ሞልቼ፣ የጎረቤቴንም ድስት ለብቻው ጠቅልዬ ዘረጋሁላት። ሐኪም ቤት በሽታ አለ፣ ልጄ ገና አላገገመችም፣ ዕቃውን ይዤ አልለቅም አልኩ። እሷም አየችው።

«እማዬ፣ ለእኔ ማን አመጣልኝ?»

«ማንም» አልኳት። «ለዚህ ነው የምትሄጂው።»

ነጠላዋን አጣፍታ ዕቃዎቹን ተቀበለች።

«የቱ ነው የእስላሙ?»

«በሰማያዊ ጨርቅ የተጠቀለለው። እንዳትቀይሪው።»

በሩ ጋ እስክትደርስ ታገስኩ፤ ከዚያ አልቻልኩም፣ ተከትያት ወጣሁ።