ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው

ጉዱን ያወጣችው የኬጂ መምህርቷ ናት። ሴት ልጄን ጠርታ፣ «ልጅዎ ምሳ ዕቃውን ይከፍታል፣ ከዚያ አፉን ይከፍታል፣ ከዚያ ይጠብቃል» አለቻት። ሌሎቹ በልተውና ታጥበው ሲጫወቱ እሱ እንደዚያው ቁጭ ብሎ ይቀራል። አንድ ቀን ረዳቷ አሳዝኗት አጎረሰችው። በማግሥቱ ከጎኑ ወንበር ይዞላት ጠበቃት።

ልጄ ይህን ነግራኝ ስትጨርስ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።  አራት ዓመት የሞላውን ልጅ ማን እንዲህ እንዳስለመደው ሁለታችንም እናውቃለን።

ልጄ ባንክ ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜም ትገባለች። ባሏ ለሥራ ከከተማ መውጣት ያበዛል። ስለዚህ ቅዳሜ ልጆቹ የእኔ ናቸው፤ እሱና ስድስት ዓመት የሆናት እህቱ። በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስጄ ዓሣ አበላቸዋለሁ። ዓሣ እሾህ አለው። እሾሁን ለቅሞ ማጉረስ ግድ ነው። ከዓሣ ወደ እንቁላል፣ ከእንቁላል ወደ ዳቦ እንዴት እንደተሻገርን አላስታውስም። ዳቦ እሾህ እንደሌለው ግን አውቃለሁ።

«እማዬ፣ እዚያ አፋቸውን ከፍተው ዓሣ የሚጠብቁትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን፣ አድርገሽዋል እኮ» አለችኝ ልጄ። «ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሥዕል ትምህርት ላስገባቸው ነው። ምሳም እዚያው ይበላሉ። ራሱን መቻል ይማር።»

 ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ከእሑድ እስከ ዓርብ ያሉት ቀናት ለእኔ ቅዳሜን መጠበቂያ ናቸው። ይህን አልነገርኳትም። አንድ ቅዳሜ ብቻ ጨምሪልኝ አልኳት።

ትንሽ አሰበችና ደንብ አወጣች። አሞራ ገደል የለም። ሙዚየም ይሄዳሉ፣ ከዚያ ፒያሳ ወዳለው የልጆች መጫወቻ ይሄዳሉ። ምሳ እሷ ትቋጥራለች። «በእጅሽ አታጎርሺውም፣ አንዴም ቢሆን። ራሱ ከበላ ቅዳሜ እንደ ድሮው ያንቺ ነው። ካጎረስሽው ሰኞ አስመዘግባቸዋለሁ። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት መዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ደንብ ሲሰማ የተከለከለውን ብቻ አይሰማም፣ ያልተከለከለውንም ይሰማል። ልጄ ግን የኔ ልጅ ናትና ታዛቢ ሾመችብኝ። ትልቋን ጠርታ፣ «እማማ ወንድምሽን ካጎረሰችው ትነግሪኛለሽ» አለቻት። ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ራሷን ነቀነቀች። የሹመት ነገር ደስ ይላታል።

ቅዳሜ የተቋጠረው ምሳ ሩዝ በካሮት ነበር፣ ከነማንኪያው። እኔም ከነጠላዬ ሥር የራሴን ምሳ ዕቃ ያዝኩ። ሽሮ ፍትፍት ነው፣ ቅቤ ያልተሰሰተበት። ለራሴ ነው የያዝኩት። ሰው ይርበዋል።

ሙዚየሙ ትንሽ ነው። አስጎብኚው ረጋ ያለ ወጣት ነበር፤ እያንዳንዱን ዕቃ የእናቱ ቤት ዕቃ ይመስል በስስት ያሳያል። ልጆቹ ጦሩንና ጋሻውን አይተው፣ የከብት ቀንዱን በዓይናቸው ለክተው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰፊ ክፍል ደረስን። እዚያ የገጠር ቤት ውስጡ ተሠርቷል። ከጄሶ የተሠሩ አባት፣ እናትና ልጆች አንድ ትልቅ የሸክላ ገበታ ከበው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ገመድ ተወጥሯል።

«ቤተሰቡ በሙሉ ከዚህ አንድ ገበታ ነበር የሚበላው» አለ አስጎብኚው።

«ማን ያጎርሳቸው ነበር?» አለ የልጅ ልጄ።

«ኧረ ሁሉም በየእጁ ነው።»

ትልቋ ቀና ብላ አየችኝ። «ሰማሽ እማማ?»

«ሰምቻለሁ።»

ከዚህ በኋላ አስጎብኚው ስለ ቤቱ ምሰሶ ሲያስረዳኝ ዓይኔን ከልጁ ላይ አነሳሁ። መለስ ብዬ ሳይ በገመዱ ሥር ሾልኮ ገብቷል። የጄሶዋ እናት አንድ እጇን ከገበታው በላይ ዘርግታ ነበር፤ ሠሪው ምን አስቦ እንዳደረገው አላውቅም። ልጁ እጇ ፊት ቆሞ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

አስጎብኚው ንግግሩን አቋረጠ። «እማማ፣ ልጁ ምን ሆኖ ነው?»

«ምሳ ሰዓት ደርሶበት ነው።»

«እሷ እኮ አሻንጉሊት ናት» አለው ሳቁን እየዋጠ።

ልጁ አፉን ሳይዘጋ ወደ ጄሶዋ ሴትዮ ትንሽ ተጠጋ። ምናልባት አላየችኝም ብሎ ይሆናል። ትልቋ በእጇ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ገመዱን አንስቼ በክንዱ ይዤ አወጣሁት። ለልጄ ያላልኩትን በዚያች ደቂቃ ለራሴ አልኩት። መምህርቷ እውነቷን ነው። ዛሬ ይህ ልጅ በገዛ እጁ መብላት አለበት፤ በቅዳሜዬ ምክንያት ብቻም አይደለም።

መጫወቻው ከአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ሁለት ማስታወቂያ ተለጥፏል። አንዱ ካልሲ ግዴታ ነው ይላል፣ ሌላው ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው ይላል። ፊሽካ ያንጠለጠለች ተቆጣጣሪ ቦርሳዬን አይታ የሩዙን ዕቃ አገኘች።

«የልጅ ምሳ ከሆነ ግድ የለም እማማ። ሌላ ምግብ ይዘዋል?»

«እኔ?» ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም።

ልጆቹ ሸርተቴውን ወጥተው፣ ኳስ በሞላው ገንዳ ውስጥ ጠልቀው፣ አንድ ሰዓት ያህል ጮኹ። ከዚያ ልጁ አልቦት መጣ፣ ፊቴ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። የሩዙን ዕቃ ከፍቼ ማንኪያውን በእጁ አስያዝኩት።

«ብላ» አልኩት።

አፉን ከፈተ።

«በማንኪያው ብላ።»

«አንቺ» አለኝ፣ አፉን እንደከፈተ።

ትልቋ ሸርተቴው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትመለከተናለች። መንሸራተቱን ትታዋለች፤ ከኋላዋ ያሉት ልጆች ቢገፏትም አልተነቃነቀችም። እኔም እጆቼን ጭኔ ላይ አኖርኩ። ልጁና እኔ እንዲህ ተፋጠጥን። ሩዙ ቀዘቀዘ።

በዚህ መሃል ቀይ ሪቫን ያሠረች ልጅ አጠገቤ መጥታ ነጠላዬን አሸተተች። «ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ፍትፍት ነው።»

እናቷ ከጎኔ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። «ልስጣት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ይስጧት እማማ፣ ቤት እንደሆነ እህል የሚባል አትቀምስልኝም» አለች ቀና ሳትል።

ልጄ ያወጣችው ደንብ ስለ ልጅ ልጄ ነው። ስለ ባለ ሪቫኗ ምንም አይልም። ምሳ ዕቃዬን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁ፣ እጄን ጠራርጌ አንድ ደህና ጉርሻ ጠቅልዬ አጎረስኳት። ዓይኗን ጨፍና አኘከችና ጓደኛዋን ጠራች። ጓደኛዋ ወንድሟን ጠራች። ጥቂት ቆይቶ በካልሲ የቆመ ሰልፍ ከፊቴ እስከ ኳሱ ገንዳ ተዘረጋ። የየእናቶቹን ፈቃድ በዓይኔ ጠየቅሁ፤ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ተቆጣጣሪዋ ፊሽካዋን እየነፋች መጣች። «እማማ፣ ክልክል ነው ተብሎ በሩ ላይ ተጽፏል እኮ።»

ጉርሻውን ጠቅልዬ ወደ እሷ ዘረጋሁ። «በሞቴ።»

ማስታወቂያውን አየች፣ እጄን አየች። የአዛውንት እጅ ተዘርግቶ እንደማይቀር የታወቀ ነው። ፊሽካውን ከአፏ አውጥታ ተቀበለችኝ። የመጀመሪያውን ሳትውጥ ሁለተኛውን አደረስኩላት። ልትናገረው ያሰበችው ነገር ነበር፤ ምን እንደነበር እስካሁን አላውቅም። ጠዋት ከቤት ሳትበላ እንደወጣች ስትነግረኝ ግን ሩዙን ከነማንኪያው ሰጠኋት። ግድግዳ ተደግፋ በላችው።

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ተነሥቶ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ። ተራው ሲደርስ አፉን ከፈተ።

«ላንተ አይቻልም» አልኩት።

«ለምን?»

«እናትህ ከልክላለች።»

«ለእነሱስ?»

«የእነሱ እናቶች አልከለከሉም።»

የታችኛው ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጄ ከነጉርሻው ወደ እሱ ተነሥቶ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ መለስኩትና ከኋላው የቆመውን ወፍራም ልጅ አጎረስኩበት። እንደዚያ የከበደ ጉርሻ በዕድሜዬ ይዤ አላውቅም።

ልጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወፍራሙን ልጅ አየ። ከዚያ አምስት ጣቱን ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ከተተ። ያወጣውን ሁሉ፣ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል፣ አፉ ውስጥ አደረገው። ግማሹ ሸሚዙ ላይ ቀረ። ደገመ። ሠለሰ። በንዴት ስለሚበላ በደንብ ያኝካል።

አራተኛውን ሲያነሣ ወፍራሙ ልጅ ዳግመኛ አፉን ከፍቶ አየው። ትንሽ አመነታ። ከዚያ ጉርሻውን እሱ አፍ ውስጥ ከተተው። ጉርሻ ሰጪ መሆን ምን ያህል እንደሚያኮራ የገባው ያን ጊዜ ነው መሰለኝ፣ ወደ ሰልፉ ዞሮ፣ «ተራ ያዙ» አለ።

ምሳ ዕቃውን ለቀቅሁለትና እጄን ጠረግሁ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ትልቋን አየኋት። ከሸርተቴው ወርዳ፣ እኔን እንዳላየች ሆና፣ ተራ ይዛለች። ወንድሟ አጎረሳት።

«ለእናትሽ ትነግሪያለሽ?» አልኳት ስትውጥ።

«እማዬ የጠየቀችኝ አንቺ እሱን ካጎረስሽው ብቻ ነው» አለችኝ። የማን ልጅ ልጅ እንደሆነች አልጠፋኝም።

የመጨረሻውን ጉርሻ ለእኔ አመጣ። እስከ አገጬ ሽሮ ሆንኩ። 

ቤት ስንደርስ ልጄ ከሥራ ገብታ ሻይ በዳቦ ይዛ ተቀምጣለች። ምርመራው ወዲያው ተጀመረ።

«እማማ አጎረሰችው?»

«አላጎረሰችውም» አለች ትልቋ።

«ማን አበላው?»

«ራሱ በላ። በእጁ።»

ልጄ የሩዙን ዕቃ ከፈተች፤ ባዶ ነው። ፊቷ ፈካ አለ። ወዲያው ደግሞ የልጁን ሸሚዝ ሳበችና አየችው፣ አሸተተችውም።

«ይሄ ካሮት አይደለም» አለችኝ።

«አይደለም» አልኩ።

«ሩዙንስ ማን በላው?»

«ፊሽካዋ» አለ ልጁ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ልትናገር አፏን ከፈተች። ልጁ የተከፈተ አፍ ሲያይ ጠረጴዛው ላይ ካለው ዳቦ ቆርሶ ከሻዩ ነከረና ከተተባት። እየተንጠባጠበ ሁለተኛውን አዘጋጀ። ልጄ እያኘከች አየችው፣ እያኘከች አየችኝ። ለመዋጥ ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «ለቅዳሜ ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?» አለችኝ።

«ሁለት ሰዓት» አልኳት።

አንድ ተኩል ልላት ፈልጌ ነበር።