የላላው ፍሪሲዮን

የበደለኝ የእናቴ ወንድም ኦቦ ቶሌራ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት። አሁንም አምቦ ውስጥ በጋራዥ በር ሳልፍ የግራሶ ሽታ እሱን ያመጣብኛል።

አጎቴ ጉደር አጠገብ በአንድ ባለርስት እርሻ ባለሰንሰለት ትራክተር ይነዳ ነበር። ፍሪሲዮኑ አልይዝ ሲለው ዘንጉን ያጠብቃል፤ በማግስቱ ይላላል። ከሥር ገብቼ ስዳስሰው የመገጣጠሚያዎቹ ቀዳዳዎች ተበልተው እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነዋል።

«ኢንታላ ኮ፣ ሴት ልጄ፣ ጌታው አዲስ አበባ ልከው መካኒክነት የሚያስተምሩት ሰው ይፈልጋሉ። ይህን ካስተካከልሽ ስምሽን እነግራቸዋለሁ» አለኝ።

ሰው ሁሉ ደጁን ከሚሸሸው ቀጥቃጭ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሼ በቀዳዳዎቹ የሚገቡ ወፍራም የብረት ፔርኖዎች አሠራሁ። ቀዳዳዎቹን በሞረድ አስተካክዬ ገጠምኳቸው። ትራክተሩ ዳገቱን አንዴም ሳይንሸራተት ወጣ።

«ማነው የሠራው?» አሉ ባለርስቱ።

«ወንዱ ልጄ ነው ጌታዬ፤ እሱን ይላኩልኝ» አለ አጎቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ እጅሽን ታጠቢና ለጌታው ውሃ አምጪ» አለኝ።

ባለርስቱ ሲሄዱ ለምን እንዲህ እንዳለ ጠየቅሁት።

«አንቺማ ታገቢያለሽ፤ እሱ ምን ይሁን?» አለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ልጁ አዲስ አበባ ሳለ፣ ፍሪሲዮኑ ሲላላ ሁለት ጊዜ ላከብኝ፤ አልሄድኩም። ሲሞትም ለቅሶ አልደረስኩም።