ባትሪውን ማን ጠጣው

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ቢቸና ትልቁ ልጄ ቤት ስሰነብት ሞጣ ያለችው ሴቷ ልጄ ትናፍቀኛለች፤ ሞጣ ስከርም ደግሞ ቢቸና ይጠራኛል። ያን ጊዜ ሞጣ የሄድኩት ግን በናፍቆት አልነበረም። የመጨረሻው ወንድ ልጄ የእህቱን ባል ሚኒባስ ይነዳል። አማቼ ሊያባርረው ነው ሲሉኝ ነው የተነሳሁት፤ ልጄ ሌላ እንጀራ የለውም።

ጠቡ በባትሪ ነው። ማታ ደህና ሆና ግቢ የገባች መኪና ጠዋት ቁልፍ ሲዞርባት ጭጭ ትላለች። በየማለዳው ጎረቤት ተለምኖ ትገፋለች። አዲስ ባትሪ ተገዛላት፤ እሱም ያው ሆነ። አማቼ በልጄ ላይ ፈረደ፤ ማታ ማታ መኪናው ውስጥ ተጋድሞ ሬዲዮ እየሰማ የሚጨርሰው እሱ ነው አለ።

ስደርስ ሰላም ያለኝ አልነበረም። ሁለቱ የመኪናዋን ወንበር ገልብጠው ባትሪው ላይ ተፋጠዋል። ልጄ አንዱን ገመድ ከባትሪው ፈትቶ፣ በገመዱና በባትሪው መሃል የፍሬን መብራት አምፖል አስሯል።

«ጋሼ፣ ይዩ። ቁልፉ ተነቅሏል። ይቺ ከበራች የሚጠጣ ነገር አለ ማለት ነው።»

ፈዘዝ ብላ በራች። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀለ፤ የሬዲዮውን፣ የጡሩምባውን፣ የጣራውን መብራት። አምፖሏ ከመብራት ንቅንቅ አላለችም።

«እንግዲህ ፊውዝ ሳይነካ በቀጥታ ከባትሪው የተቀጠለ ሽቦ አለ» አለ ልጄ። ምነው ባልተናገረ!

«አየህ! በገዛ አፍህ!» አማቼ ዘለለ። «ሽቦ ደብቀህ የሰፈሩን ስልክ እየሞላህ ትሸቅላለህ! ሌባ!»

«እናቴ ፊት?»

«አባትህ መቃብር ላይም እልሃለሁ!»

ልጄ መፍቻውን ጨብጦ ጣቶቹ ሲነጡ አየሁ። «ተው ልጄ፣ ተው» አልኩ። አማቼ ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ለመመረቅ ከሆነ ቤት ይግቡ። ለመፍረድ ከሆነ በሩ ያውልዎት።»

ቤት አልገባሁም። የምይዘው የምጨብጠው ሲጠፋኝ እመቤቴን ልሳለም ብዬ በሹፌሩ በኩል መኪናዋ ላይ ወጣሁ። ሴቷ ልጄ ከመሪው አጠገብ ላለችው ሥዕል እንደ ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ሰፍታላታለች፤ ወፍራም ቀይ ከፋይ። መኪናዋ ስትነሳ ይገለጣል፣ ማታ ስትገባ ይጋረዳል። በዙሪያዋ የተደረደሩት ትንንሽ አምፖሎች መንገድ ላይ ሲበሩ ሁላችንም አይተናል። ከሞተሩ ጋር አብረው የሚጠፉ ነበር የመሰለን።

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ከንፈሬን ሳስጠጋ መስታወቱ ሞቀኝ። ቁልፍ ተነቅሎ፣ ፊውዝ ተነቅሎ፣ የእመቤቴ ፊት እንደበራ ነው።

«ኑ!» አልኩ። እኔ መጮህ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጎረቤት ሰማኝ።

ልጄ ከሥዕሏ ኋላ የሚወርደውን ሽቦ ተከትሎ በጠሰው። የፍሬኗ አምፖል እልም አለች። 

ሴቷ ልጄ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። «እኔ ነኝ» አለች። «ሬዲዮ የገጠመውን ሰውዬ ለምኜ ያስቀጠልኩት። ስለቴ ነው። ቁልፍ በተነቀለ ቁጥር እሷም ትጨልም? ይቺን የምታህል መብራት ባትሪ ትጨርሳለች ብዬ በምን ልወቅ?»

አማቼ እሷን አልሰደባትም። ስለት ነዋ! ጉሮሮውን ጠራረገና ቁልፉን ለልጄ ወረወረለት፤ መሬት ወደቀ።

«በል አስነሳት፤ ተሳፋሪ ይጠብቃል።»

«ሌላስ?» አለ ልጄ።

«ሌላ ምን?»

«ሌባ ያልከኝን።» ጋሼ ማለት ቀረ፣ አንቱታውም ቀረ።

«ባትሪው ሲሞት አልነበረም? ምን ልሁንልህ፣ እግርህ ላይ ልውደቅ?»

ልጄ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን አነሳ። አቧራውን ጠርጎ ከሥዕሏ ሥር አኖረው፤ መጋረጃውንም መልሶ ጋረደ። በሩን እንኳ ድው አላደረገውም፤ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

እኔ ከሥራው እንዳይወጣ ልለምን ነበር የመጣሁት። ቃሉን መንገድ ሙሉ ሳዘጋጀው ነው የዋልኩ። አፌ እምቢ አለኝ። ነጠላዬን አጣፋሁና ልጄን ተከትዬ ወጣሁ። ሴቷ ልጄ «እምዬ!» እያለች እስከ መንገዱ መጣች፤ ባሏ ግን ከባትሪው ቀና አላለም።

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ «ቢቸና! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ገባን።