ውሃ ያልጠጣው ካራ

መንዝ ውስጥ የቀጥቃጭ ልጅ ሆኜ ነው ያደግሁት። ዛሬ ከአገሬ እጅግ በራቀ የቆላ ከተማ እኖራለሁ፤ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ፣ አባቴ ይሠራ እንደነበረው አድርጌ ካራ እሠራለሁ። ጌጥ የለውም። ወፈር ያለ ጀርባ፣ የወይራ እጀታ፣ በግ ገፍፎ ሽንኩርት የሚከትፍ ስለት፤ በቃ። ዘንድሮ ለትንሣኤ ልቆርብ ንስሐ ገብቼ፣ ዐቢይ ጾሙን በጥንቃቄ ጾሜ ነበር።

በሕማማት ሰሞን፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአገር የመጡ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ደጄ ላይ ቆሙ። ገና ሲናገሩ አወቅኳቸው። እሳቸው አላወቁኝም።

"ልጄ፣ የዚህ አገር ቢላ እኮ ቅቤም አይቆርጥ። ለፋሲካው በግ የአገር ቤት ካራ ሥሪልን።" አንዱን ካራ አንስተው አገላበጡት። "እኛ አገር፣ ቀየት ገበያ እንዲህ አድርጎ የሚሠራ አንድ ቀጥቃጭ ነበር። እጁስ ወርቅ ነበር፤ ዓይኑ ነው እንጂ!" ብለው ሳቁ።

ያ ቀጥቃጭ አባቴ ነው። የእኚህ አሮጊት ልጅ ትኩሳት ይዟት ስትቃዥ፣ "ቡዳ በላት" ብለው አባቴን ከሥራው አስነስተው፣ በጎረቤት ሁሉ ፊት "እንትፍ በልባት!" ያሉት እሳቸው ናቸው። አባቴ እንትፍ አለ። ልጅቱ ዳነች፤ መዳኗም ማስረጃ ሆነበት። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ ከቤታችን ጠላ የቀመሰ ሰው የለም።

"እሺ እማማ፣ እሠራለሁ" አልኳቸው።

ቀጥቅጬ ሳበቃ የጋለውን ብረት ውሃ ውስጥ በመንከር ፈንታ አመድ ውስጥ ቀበርኩት። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ብረት ለስላሳ ይሆናል፤ ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ አጥንት ሲነካ ይታጠፋል። ዳዊት እየደገምኩ ነው የሞረድኩት፤ ጠላትን የሚረግመውን መርጬ። ረቡዕ ዕለት ሰጠኋቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ።

የስቅለት ዕለት ከስግደቱ በኋላ፣ ኃጢአቱን ተናግሮ በወይራ ቅጠል ሊጠበጠብ ከተሰለፈው ሕዝብ ጋር ቆምኩ። ተራዬ ደረሰ።

"ምን አጠፋሽ?" አሉኝ ካህኑ።

"ውሃ ያልጠጣ ካራ ለሰው ሰጠሁ፣ አባቴ።"

"ሳታውቂ?"

"አውቄ።"

ከሌላው ሰው ጠበቅ አድርገው ጠበጠቡኝ። "ሰባ ስገጂ። ነገ ደግሞ ሄደሽ አስተካክዪው፤ አለዚያ ለቁርባን እንዳትቀርቢ።"

ቅዳሜ ጠዋት "አንድ ነገር ቀርቶታል" ብዬ ካራውን ከአሮጊቷ ወሰድኩ። እጀታውን ነቅዬ እንደገና አጋልኩት፤ በደንብ ውሃ አጠጣሁት፤ ስለቱንም ዳግም አወጣሁለት። አባቴ ቢያየው አያፍርበትም ነበር። ልጃቸው ቤት ወስጄ መልሼ ሳስረክብ ግን ምላሴን መያዝ አቃተኝ።

"እማማ፣ ዓይኑ መጥፎ ነው ያሉት የዚያ ቀጥቃጭ ልጅ ነኝ።"

ፊታቸው አመድ መሰለ። "እኔ ምን አልኩ? አገር ያለውን ነው ያልኩት!" እያሉ በነጠላቸው የታቀፏትን ሕፃን ፊት ሸፈኑ።

ከእኔ ዓይን ነበር የሸፈኗት። ከደጃፉ አልተነቃነቅሁም። ነጠላው ሸርተት ብሎ ጉንጯ ብቅ ሲል፣ ዓይኔን ሳልነቅል አየኋት።

"እንዴት ያለች ቆንጆ ልጅ!" አልኩ ጮክ ብዬ። "ከዓይን ያውጣት" አላልኩም።

አሮጊቷ ሕፃኗን ጭምቅ አድርገው ይዘው ወደ ጓዳ ሸሹ። ደስ አለኝ። እስከ ቤቴ ድረስ ደስ እያለኝ ሄድኩ።

ለትንሣኤ ቅዳሴ ስገባ ካህኑ በር ላይ አገኙኝ። "ካራውን አስተካከልሽ?"

"አስተካክያለሁ፣ አባቴ።" አልዋሸሁም።

"እንግዲያው ቅረቢ።"

ቆራቢዎቹ ሲሰለፉ ከሴቶቹ ኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ስለ ሕፃኗ ለካህኑ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው "ተጸጸቺ" ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ገና አልተጸጸትኩም።